ቤቱ ካልረጋ ደጁ አይቀርብም

እኛ ሀገር ከቤት የማይወጣ ሰው እንደ ፆታው ስም ይወጣለታል። ሴት ከሆነች «ጨዋ፣ ቤቷን የምትወድ» ትባላለች። ወንድ ከሆነ «ሰነፍ፣ የእናቱን ጓዳ የማይለቅ» ይባላል። አንዱ ምስጋና ነው፣ ሌላው ስድብ። ውጤታቸው ግን አንድ ነው፤ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ታመው ሊሆን ይችላል ብሎ የሚጠይቅ ይጠፋል። የተመሰገነችን ሴት ማን ያሳክማታል? የተሰደበንስ ወንድ ማን «ምን ሆነህ ነው?» ይለዋል?

ዛሬ የምጽፈው ስለ አጎራፎቢያ ነው። ጉዳዩን ከሩቅ አይደለም የማውቀው። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለሁ፣ በፍሪላንስ የምሠራ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ከዚህ ሕመም ጋር መኖር ከጀመርኩም ዓመታት ተቆጥረዋል። የመጣሁት ግን ስሞታ ለማሰማት ሳይሆን አንድ ነጥብ ይዤ ልከራከር ነው። ስለዚህ ሕመም ሲነሳ ሁሌ የምናወራው ስለ ደጁ ነው፤ ስለ ጎዳናው፣ ስለ ታክሲው፣ ስለ ሰዉ ብዛት። ሰውየው ስለሚኖርበት ቤት የሚጠይቅ የለም። እኔ የምለው፣ ቤቱ ሳይረጋ ታማሚውን ወደ ደጅ ለማውጣት የሚደረግ ልፋት ብዙ ጊዜ ውሃ መውቀጥ ነው።

መጀመሪያ ሕመሙን እንወቀው።

ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1871 ያወጣው ካርል ዌስትፋል የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ጉዳያቸውን የጻፈላቸው ሕመምተኞች አደባባይና ሰፊ ጎዳና ሊያቋርጡ ሲሉ በድንጋጤ የሚያዙ ወንዶች ነበሩ። «አጎራ» በግሪክኛ ገበያ፣ ሕዝብ የሚሰበሰብበት አደባባይ ማለት ነው። «ፎቢያ» ደግሞ ፍርሃት። ሲጣመር የገበያ ፍርሃት እንደማለት ነው።

ስሙ ግን ያሳስታል። ሰውየው የሚፈራው ገበያውን አይደለም። የሚፈራው ገበያው መሃል ሳለ ልቡ በኃይል ቢመታ፣ ቢያዞረው፣ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ «ከዚህ እንዴት እወጣለሁ? ማንስ ይደርስልኛል?» የሚለውን ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የምርመራ መመሪያ አምስት ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። ወደ እኛ ከተማ ስናመጣቸው እንዲህ ናቸው። የሕዝብ ትራንስፖርት፤ ለምሳሌ ሚኒባስ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ መሃል ተጣብቆ መቀመጥ። ክፍት ቦታ፤ ለምሳሌ መስቀል አደባባይን ማቋረጥ። የተዘጋ ቦታ፤ ለምሳሌ ሊፍት ወይም ሲኒማ ቤት። ሰልፍና ግርግር፤ የባንክ ወረፋ፣ መርካቶ። አምስተኛው ብቻን ሆኖ ከቤት ውጭ መገኘት ነው። ፍርሃቱ ቢያንስ በሁለቱ ላይ ከታየ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ 6 ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ኑሮንም ካደናቀፈ ሐኪሙ አጎራፎቢያ ነው ሊል ይችላል። በሴቶች ላይ ከወንዶች በእጥፍ ገደማ ይታያል። «ጨዋ» የሚለውን ስም እዚህ ላይ መልሳችሁ አስቡት።

ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በፓኒክ አታክ ነው። ሰው ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብሎ ድንገት ልቡ ይመታል፣ እጁ ይደነዝዛል፣ መሞቱ ይመስለዋል። «ወራጅ አለ!» ብሎ ይወርዳል። ሲወርድ ይሻለዋል። መዘዙ የሚመጣው ከዚህ መሻል ነው። አእምሮው «የዳንከው ስለወረድክ ነው» ብሎ ይይዛል። በሚቀጥለው ቀን ያንን መስመር ይተዋል። ከዚያ ታክሲ የሚባለውን፣ ከዚያ ዋናውን አስፋልት፣ ከዚያ ሱቁን ይተዋል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው የግቢው በር ነው።

እኔ ዘንድ ይህ ሁሉ ለመሆን ዓመት አልፈጀበትም። ቃለ መጠይቅ በስልክ ሆነ። ጋዜጣዊ መግለጫ በቀጥታ ስርጭት፣ ክፍያ በቴሌብር። ሥራዬ ስለሚደርሳቸው የት ቁጭ ብዬ እንደምጽፍ የጠየቀኝ አዘጋጅ የለም። ሁሉ ነገር በስልክ የሚያልቅበት ዘመን ለእኔ ቢጤው እንጀራውን አቆይቶለታል፤ ሕመሙንም ሸፍኖለታል።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ።

ያደግሁበት፣ አሁንም የምኖርበት ቤት ጸጥታ የሚያውቅ ቤት አይደለም። አባቴና እናቴ በሽማግሌ ታርቀዋል፣ ተለያይተዋል፣ እንደገና ታርቀዋል። የዚህን ዝርዝር እዚህ ማስፈር ለእነሱም ለእናንተም አይጠቅምም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። በልጅነቴ አባቴ የውጭውን በር ሲዘጋ ከሚሰማው ድምፅ ተነስቼ ማታው እንዴት እንደሚያልፍ አውቅ ነበር። ጆሮዬ ያንን ሥራ እስካሁን አልተወም። ብዙ አንባቢዎችም ይህንን ጆሮ በደንብ እንደምታውቁት እገምታለሁ።

እዚህ ላይ ትክክለኛ ጥያቄ ይነሳል። ቤቱ እንዲህ ከሆነ ሰው ከእሱ ይሸሻል እንጂ እንዴት ተጣብቆ ይቀራል? ጎረቤቱም ዘመዱም የሚስተው ይህንኑ ነው። «ቤቱ ተመችቶት ነው» ይላሉ። ተመችቶት አይደለም፤ ዘብ ቆሞ ነው።

እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ መለያየትና ጭንቀት ባሳተመው መጽሐፍ ትምህርት ቤት አልሄድም ስለሚሉ ልጆች ብዙ ጽፏል። ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ትምህርት ቤቱን አይደለም የሚፈሩት፤ እነሱ በሌሉበት ቤት ውስጥ የሚሆነውን ነው። አንዳንዱ ልጅ እሱ ሲሄድ እናቱ አንድ ነገር ትሆናለች ብሎ ይሰጋል። አንዳንዱን ደግሞ ራሷ የተጨነቀች እናት ሳታውቀው የብቸኝነቷ ጓደኛ አድርጋ ታስቀረዋለች። ቦውልቢ አጎራፎቢያ ባለባቸው አዋቂዎች ቤትም ተመሳሳይ ነገር እንደሚታይ ተከራክሯል።

ይህ ሐሳብ ሁሉንም ታማሚ አይገልጽም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለ። በሰላም ቤት አድጎ የሚታመምም አለ። እናቶችን ጥፋተኛ ለማድረግ ከተጠቀምንበት ደግሞ በደል ነው። ግን የብዙ ቤቶቻችንን ጉዳይ ይነካል። «እኔ ካለሁ አይማቱም» ብላ ዩኒቨርሲቲ ያቋረጠች ልጅ፣ «እማዬን ብቻዋን ትቼ የት እሄዳለሁ?» ብሎ ክፍለ ሀገር የተገኘለትን ሥራ የተወ ወጣት አታውቁም? እነዚህ ሁሉ አጎራፎቢያ አለባቸው ማለቴ አይደለም። እንዲህ ባለ ቤት የተያዘ ሰው ግን ሁለት ፍርሃት በአንድ ላይ ይሸከማል። ወደ ፊት ሲራመድ የጎዳናው ፍርሃት ይጠብቀዋል። ከኋላው ደግሞ «አሁን ቤት ምን እየተፈጠረ ይሆን?» የሚለው ይጎትተዋል።

ከዚህ ሌላ፣ ያልተረጋጋ ቤት ሕመሙን በየቀኑ ይቀልበዋል። የዚህ ሕመም አስታማሚ የሚሳሳተው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው ሁሉንም እየሠሩ መስጠት ነው፤ ሱቅ ይላክለታል፣ ዳቦ ይገዛለታል፣ ልቅሶ ይደረስለታል፣ ከዚያ የሚወጣበት ምክንያት ያልቃል። ሁለተኛው ማዋረድና መጎተት ነው፤ «አንተ ወንድ አይደለህም? ተነስ ውጣ!» እየተባለ ይገፋል፣ ይወጣል፣ ይደነግጣል፣ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። በተረጋጋ ቤት ቢያንስ ስህተቱ አንድ ዓይነት ነው። በማይረጋ ቤት ግን ሁለቱም በአንድ ቀን ይደርሱብሃል። ጠዋት «ተዉት፣ አሞታል» የተባለው ልጅ ማታ «ምን ይጎልተዋል?» ይባላል። ምን እንደሚጠበቅበት ማወቅ ያቅተዋል።

ይባስ ብሎ ታማሚው የጠቡ መሣሪያ ይሆናል። «ልጄን እንዲህ ያደረግከው አንተ ነህ!» ትላለች እናት። «አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው!» ይላል አባት። አንዳንዴም ሽማግሌዎቹ «ለልጁ ስትሉ ታረቁ» ብለው የሚያስታርቁበት ምክንያት ይሆናል። ይህን እየሰማ የሚኖር ሰው፣ እሱ ከዳነ ቤቱ የሚፈርስ ቢመስለው ይገርማል?

አንድ ነገር እንለይ። ሀገራችን ውስጥ ከቤት አለመውጣት ጥበብ የሆነባቸው ቦታዎችና ቀናት አሉ። ተኩስ ባለበት፣ ሰዓት እላፊ በታወጀበት፣ እገታ በሚፈራበት መንገድ አልሄድም ያለ ሰው ጤነኛ ነው። አጎራፎቢያ የሚባለው ፍርሃቱ ከእውነተኛው አደጋ ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ «ቤታችሁ ቆዩ» ሲባል ለእኔ ቢጤው የእፎይታ ጊዜ ነበር፤ ሰበብ መፈለግ ቀረልን። ሰዉ መልሶ ሲወጣ ነው ማን በእውነት እንደታመመ የታወቀው።

«ይሄ የሀብታም በሽታ ነው፤ የዕለት ጉርሱን የሚፈልግ ሰው ለመፍራት ጊዜ የለውም» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። በጨዋ ቋንቋ ብዙ ጊዜ ተብሎብኛል። መልሴ ይህ ነው። ሀብታም ከታመመ መኪና አለው፣ ሹፌር አለው፣ ሐኪም ቤቱ ድረስ ያስመጣል። የቀን ሠራተኛው ግን ከታመመ የዚያን ቀን እንጀራ የለም። ጉሊት የምትቸረችር እናት ገበያ መውጣት ካቃታት የምትልከው ሴት ልጇን ነው፣ ልጅቷም ከክፍል ትቀራለች። ድህነት ሕመሙን አያስቀረውም፣ ዋጋውን ለሌላ ሰው ያሻግረዋል እንጂ።

ይድናል ወይ? ለብዙዎች አዎ፣ በጣም ይሻላቸዋል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ እንደ አይዛክ ማርክስ ያሉ ሐኪሞች ያዳበሩት ዘዴ ቀላል ግን ልፋት የሚጠይቅ ነው፤ የሚፈራውን ነገር ቀስ በቀስ መጋፈጥ። መሰላል ታወጣለህ። ዛሬ ከግቢው በር ውጭ አሥር ደቂቃ መቆም። በሚቀጥለው ሳምንት እስከ ሱቁ። ከዚያ ታክሲ ጋቢና ተቀምጦ አንድ ፌርማታ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ የኋላ ወንበር። መጀመሪያ ከሰው ጋር፣ በኋላ ብቻን። ዋናው ሕግ ፍርሃቱ ሲመጣ ወዲያው «ወራጅ» አለማለት ነው፤ ቆይተህ ማዕበሉ ሲያልፍ ማየት። ያኔ አእምሮ «ሳልሸሽም አልሞትኩም» የሚለውን ይማራል።

መድኃኒትም አለ። እንደ ፍሉክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉት ሳምንታት ቢፈጁም ይረዳሉ። ከፋርማሲ እየተለመነ የሚወሰደው ዲያዜፓም ለጊዜው ቢያረጋጋም ሱስ ያስይዛል፤ ሰውየው «የወጣሁት በክኒኑ ነው» ብሎ እንዲያምንም ያደርጋል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ደግሞ በድንገት ማቋረጥ የለበትም፣ አደገኛ ነው፤ ከሐኪም ጋር ቀስ ተብሎ ይቀነሳል። ከሁሉ በፊት ልብ፣ ደም ማነስና እንቅርት መመርመር ተገቢ ነው፤ ተመሳሳይ ስሜት ያመጣሉና።

ስለ ጠበልና ጸሎት ብዙ ጊዜ ሐኪሞችና ቤተሰቦች ሲጣሉ አያለሁ። እኔ ጠብ አይታየኝም። በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መመለስ ለዚህ ታማሚ ትልቅ ሥራ ነው። ቅጥር ግቢው ዛፍ ሥር ወይም ደጀ ሰላሙ ላይ ቢቆም «ለምን አልገባህም?» የሚለው የለም፤ ሲጨንቀው ፈቀቅ ይላል፣ ሲሻለው ይጠጋል። መስጊድም፣ የጸሎት አዳራሽም በር አጠገብ ቦታ አያጣም። ስህተት የሚሆነው «ጠበሉን ከጀመርክ መድኃኒቱን ተው» ሲባል፣ ወይም ታማሚው በግድ ተጎትቶ ሲወሰድ ነው።

እንግዲህ ወደ ክርክሬ ልመለስ። መሰላሉ የሚሠራው በየቀኑ ሲወጣ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በጩኸት ያደረ ሰው ጠዋት ታክሲ ተራ ሄዶ ይለማመዳል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? ሦስት ሳምንት የተገነባው በአንድ ማታ ጠብ ይፈርሳል። ሕክምናው ታማሚውን ብቻ ወንበር ላይ አስቀምጦ የሚያናግር ከሆነ ግማሹን ሥራ ትቶታል። አባትና እናት፣ ቢያንስ አብረው የሚኖሩት፣ መጠራት አለባቸው። የግድ እንዲታረቁ አይደለም። አንዳንዴ በሰላም መለያየት ከአስረኛው እርቅ ይሻላል። ታማሚው ዘበኝነቱን የሚያስረክብበት መንገድ ግን ያስፈልጋል። ዱላ ካለ ደግሞ ጉዳዩ የቤተሰብ ምስጢር አይደለም፤ የወንጀል ሕጉ በትዳር ወይም እንደ ባልና ሚስት አብረው በሚኖሩ መካከል የሚፈጸም ጥቃትን በአንቀጽ 564 ለይቶ አንስቶታል።

መንግሥትስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰው የጭንቀት ሕመሞች እንደነበሩበት ይገምታል፤ ሕክምና የሚያገኘው ከአራቱ አንዱ ገደማ ነው። ይኸው ድርጅት በ2008 ስፔሻሊስት በሌለበት ጤና ጣቢያ የአእምሮ ሕክምና እንዲሰጥ የሚያግዝ ፕሮግራም ጀምሯል፣ ሀገራችንም ተቀብላዋለች። የጭንቀት ሕመሞች ራሱን የቻለ ክፍል ሆነው በፕሮግራሙ መመሪያ ውስጥ የገቡት ግን በ2023 ነው። ነርሱ ስለ ድባቴና ስለሚጥል በሽታ ሲሠለጥን፣ ከቤት መውጣት ያቃታት ሴት በመካከል ተረስታ ቆይታለች።

አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ምፀት አለው። ስመ ጥሩው የአእምሮ ሆስፒታላችን አማኑኤል የሚገኘው መርካቶ አጠገብ ነው። የገበያ ፍርሃት ያለበት ሰው ለመታከም የሀገሪቱን ትልቁን ገበያ ግርግር ማለፍ አለበት ማለት ነው። ሆስፒታሉን መውቀሴ አይደለም፤ እዚያ የሚሠሩት ባለሙያዎች ከአቅም በላይ ይለፋሉ። የምለው ይህን ሕመም በሪፈር ወረቀት ማከም አይቻልም ነው። ሕክምናው ወደ ቤት መሄድ አለበት።

የሚሄድበት እግር ደግሞ አለን። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ባለሙያዎቹ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ስለ ክትባትና ስለ እርግዝና ሲጠይቁ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ «ከዚህ ቤት መውጣት የሚፈራ ሰው አለ?» መልሱ አዎ ከሆነ የጤና ጣቢያው የሥነ አእምሮ ነርስ በስልክ ይደውል፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምክር በስልክ ይሰጥ፤ የመጀመሪያው ግብ ደግሞ ጤና ጣቢያው በር ድረስ መምጣት ይሁን። አዲስ ሕንፃም ሆነ ብዙ በጀት አይጠይቅም።

የቤት ጉዳይም ከዚህ አይለይም። ለዚህ ታማሚ ሰፈር ማለት የሚያውቀው ባለሱቅ፣ ቢወድቅ የሚያነሳው ጎረቤት፣ እናቱ ያለችበት እድር ነው። በልማት የሚነሱ ሰፈሮች ነዋሪ ወደ ከተማው ዳር ሲዘዋወር ካርታው ላይ የሚታየው የቤት ቁጥር ነው፤ በዓመታት የተሠራው የደኅንነት ክልል በአንድ ቀን ሲጠፋ አይታይም። ጎረቤታሞችን አብሮ ማስፈር፣ አሮጊቱንና ታማሚውን ለይቶ ማወቅ ቸርነት ሳይሆን የጤና ሥራ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። በየስድስት ወሩ ዕቃ ሲጭን ለኖረ ቤተሰብ ይህ ሕግ ቢከበር ከብዙ ክኒን ይበልጥ ይረዳዋል፤ በቤት ውስጥ ከሚነሳው ጠብ ስንቱ ከኪራይ ጋር እንደሚያያዝ ሁላችንም እናውቃለን።

መጨረሻ ላይ በቀጥታ ለቤተሰቦች ልናገር። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ዛሬውኑ ልታደርጉ የምትችሉት ነገር አለ። ስለ እሱ እሱ በሚሰማበት አትጣሉ። የምትሉትን አንድ አድርጉ፤ ጠዋት ያዘናችሁለትን ማታ አትስደቡት። ሱቅ ሂድ ብላችሁ ከምትልኩት «ና፣ እስከ ሱቁ አብረን እንሂድ» በሉት፤ ነገ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ ቆማችሁ ጠብቁት። ቢመለስ አትሳቁበት፣ ቢደርስም ሰፈር አትጥሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እሱ በሌለበት ሰዓት ቤቱ ሰላም ውሎ እንደሚያገኘው በተግባር አሳዩት። ቃል ብቻውን አይበቃውም፤ ጆሮው ስንት ዓመት የሠለጠነ ነው።

እኔ በዚህ ሳምንት ጋቢና ተቀምጬ ሦስት ፌርማታ ሄጃለሁ። ስደርስ ወደ ቤት ደውዬ ሁሉም ደህና መሆኑን ጠየቅሁ። የሚቀጥለው ሥራዬ ሳልደውል መመለስ ነው።